«ሶይለንት ግሪን»፦ ምስጢሩን አስቀድሞ ላወቀም የሚታይ ፊልም

ስለ «ሶይለንት ግሪን» የሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሰማው መጨረሻውን ነው። ቻርልተን ሄስተን ቆስሎ እየተወሰደ የሚጮኸውን ዓረፍተ ነገር የአሜሪካ የፊልም ኢንስቲትዩት በ2005 ባወጣው የ100 የፊልም ንግግሮች ዝርዝር 77ኛ አድርጎታል፤ ፊልሙን አይቶ የማያውቅ ሁሉ ይጠቅሰዋል። ስለዚህ እዚህ የሚሸሸግ ነገር የለም። ሳያውቅ ማየት የሚፈልግ ካለ መጀመሪያ ፊልሙን ይይና ይመለስ። ምስጢሩ «ሶይለንት ግሪን» የሚባለው ብስኩት ከሰው አስከሬን መሠራቱ ነው። የቀረነው ግን ልብ እንበል፦ ይህ ፊልም የቆመው በምስጢሩ ላይ አይደለም። ምስጢሩን አውቆ የሚያየው ሰው እንዲያውም የበለጠ ያተርፋል። ዓይኑ ከመጨረሻው ይነሳና ማን በልቶ እንደሚያድር፣ ማን በሰልፍ ቆሞ እንደሚውል፣ የሚያውቁትስ ለምን ዝም እንዳሉ ማየት ይጀምራል። የፊልሙ ዋና ነገርም ይኸው ነው።

ፊልሙን ኤምጂኤም ያወጣው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው፤ ርዝመቱ 97 ደቂቃ። ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ፍላይሸር፣ ስክሪፕቱን የጻፈው ስታንሊ ግሪንበርግ፣ ካሜራውን የመራው ሪቻርድ ክላይን ነው። መነሻው ሃሪ ሃሪሰን በ1966 ያሳተመው ልቦለድ ሲሆን ታሪኩ የሚፈጸመው በ2022 ኒውዮርክ ውስጥ ነው፤ የከተማው ሕዝብ 40 ሚሊዮን ደርሷል። ሮበርት ቶርን (ሄስተን) የሚባል የፖሊስ መርማሪ የአንድ ባለጸጋ ግድያ ይመደብለታል። ሟቹ ዊሊያም ሳይመንሰን የሶይለንት ኩባንያ የቦርድ አባል ነበር። ኩባንያው የግማሹን ዓለም የምግብ አቅርቦት የያዘ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫና አዲሱን አረንጓዴ ብስኩት ይሸጣል። አረንጓዴው ከባሕር ፕላንክተን የተሠራ ነው ተብሎ ይነገርለታል፤ የሚታደለውም ማክሰኞ ብቻ ነው። ቶርን ግድያውን ሲከታተል ፋይሉን እንዲዘጋ ከላይ ትእዛዝ ይመጣበታል፤ አሻፈረኝ ሲል ደግሞ ገዳይ ይላክበታል።

መክፈቻው ለብቻው ትምህርት ቤት ነው። ቻርልስ ብሬቨርማን ያዘጋጀው ሦስት ደቂቃ እንኳ የማይሞላ የፎቶግራፍ ቅንብር ሲሆን አንድም ቃል አይነገርበትም። በአሮጌ ቡናማ ፎቶዎች ይጀምራል፤ ሰዎች ሜዳ ላይ ተቀምጠዋል፣ ዙሪያቸው ሰፊ ነው። ፎቶዎቹ በዝግታ ይተካካሉ። ከዚያ መኪና ይመጣል፣ ፋብሪካ ይመጣል፤ ቅንብሩም ሙዚቃውም ይፈጥናሉ። ምስሉ ለሁለት፣ ለብዙ ይከፈላል፤ የሰው ፊት በሰው ፊት ላይ ይደራረባል። ዓይን አንዱን ሳይጨርስ ሌላው ይመጣል። መጨረሻው ላይ ፍጥነቱ ይወድቅና ጭስ፣ የቆሻሻ ክምርና የደረቀ መሬት ይቀራሉ። ተራኪ ሳያስፈልግ የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ ተነግሮ ያልቃል። ስልክ እያዩ የሚያሳልፉት ክፍል አይደለም፤ ፊልሙ በኋላ የሚያስለቅሰው ነገር እዚሁ ላይ ይዘራል።

ከዚያ ወደ ቶርን ቤት እንገባለን። አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ሶል ሮት (ኤድዋርድ ጂ. ሮቢንሰን) ከሚባል አዛውንት ጋር ይኖራል። ሶል የፖሊስ «መጽሐፍ» ነው፤ ማለትም የማተሚያ ወረቀት ባለቀበት ዘመን ለመርማሪው መረጃ የሚፈልግለት የቀድሞ ምሁር። መብራቱ ሲዳከም ሶል ቆሞ የሚነዳ ብስክሌት ላይ ይወጣና ባትሪውን በፔዳል ይሞላል። ደረጃው ላይ ሰው በሰው ላይ ተኝቷል፤ ቶርን ሥራ ለመሄድ በተኙት መካከል እግሩን የሚያሳርፍበት እየፈለገ ይወርዳል። መንገድ ላይ የቆሙ አሮጌ መኪናዎች መኖሪያ ሆነዋል። ማታ ሰዓት እላፊ አለ። ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ አይበርድም፤ ሶል «ግሪንሃውስ ኢፌክት»ን፣ ማለትም ሙቀት አማቂ ጋዞች አየሩን ማሞቃቸውን፣ በስሙ ጠርቶ ያማርራል። በ1973 በንግድ ሲኒማ ውስጥ ይህንን መስማት ብርቅ ነበር። የፍላይሸር ብልሃት ደግሞ ስለ ሙቀቱ ብዙ አለማውራቱ ነው፤ በእያንዳንዱ ትዕይንት የሁሉም ሰው አንገት ያልበዋል፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይጣበቃል። የውጪው አየር አረንጓዴ የተቀላቀለበት ቢጫ ጭጋግ ነው። ላብ የማይታየው ባለጸጎቹ ቤት ብቻ ነው።

የሳይመንሰን ቤት ሲገባ የፊልሙ ሐሳብ ይገለጣል። እዚያ ማቀዝቀዣ አለ፤ ከቧንቧ የሚወርድ ሙቅ ውሃ አለ፤ ሳሙና አለ። ቶርን አስከሬኑን ካየ በኋላ የሚያደርገውን ተከታተሉ። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ፊቱን ይታጠባል፤ ሳሙናውን ያሸታል። ከዚያ ትራስ ልብስ ይፈታና የሚይዘውን ሁሉ ያጭቅበታል፤ ምግብ፣ ውስኪ፣ ወረቀት፣ ፎጣ። ሌባ ሆኖ አይሸማቀቅም፤ ሥራው ከሚያስገኝለት ጥቅም አንዱ ነው። አለቃው ሃቸር ምን እንዳመጣ ሲጠይቀው የደረሰበትን ሁሉ እንደወሰደ ይነግረዋል፤ አለቃውም ድርሻ አለው። የታሪኩ ጀግና በሙስና የሚኖር ሰው ነው፤ ፊልሙ ይህን አይደብቅም፣ አያሽሞነሙንም። በሳይመንሰን ጠባቂ ቤት የተገኘች አንዲት ማንኪያ ላይ የቀረች ማርማላታ ደግሞ ምርመራውን ታዞረዋለች። ሶል ይቀምሳትና እንጆሪ መሆኗን ያውቃል፤ የአንዱ ብልቃጥ ዋጋ 150 ዶላር ነው። የባለጸጋ ቦዲጋርድ በደመወዙ እንጆሪ ሊበላ ከቻለ ደመወዙን የሚከፍለው ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። የወንጀል ታሪክ በምግብ ዋጋ ሲፈታ እንዲህ ጥርት ብሎ የሚታይበት ፊልም ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ጠጋ ብለን እንይ። ቶርን ያመጣውን ትራስ ልብስ ቤቱ ሲዘረግፈው ሶል ወረቀቱን እያየ ይደሰታል፤ በመጨረሻ አንድ ቁራጭ የበሬ ሥጋ ይወጣል። ሶል ሥጋውን በሁለት እጁ ይዞ ያለቅሳል፣ እንዴት እዚህ ደረስን ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎ ያለው የምሳ ትዕይንት ስክሪፕቱ ላይ አልነበረም፤ ሄስተንና ሮቢንሰን እየተለማመዱ የፈጠሩት ነው። ሶል ጠረጴዛውን ያሰናዳል። ሰላጣ ይቀርባል፣ የተቀቀለ ሥጋ ይቀርባል፣ ፖም ይቀርባል። ንግግር የለም ማለት ይቻላል። ቶርን ከብስኩት ሌላ ቀምሶ አያውቅም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ነገር አፉ ከማስገባቱ በፊት የሶልን ፊት ያያል፤ እንዴት እንደሚበላ ከሽማግሌው ይማራል። ሶል ደግሞ የራሱን ሳህን ትቶ የልጁን አፍ ያያል፤ እሱ የሚያውቀው ጣዕም ልጁ ላይ ደርሶ እንደሆነ ይጠብቃል። አንድ ትውልድ የነበረውን ለማያውቅ ትውልድ የሚያስረክብበት ሌላ መንገድ አልቀረውም። በገበታ ዙሪያ ላደገ ሰው፣ ጉርሻ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ትዕይንት አስተርጓሚ አይፈልግም።

ሶልን የሚጫወተው ኤድዋርድ ጂ. ሮቢንሰን ነው። የመጨረሻ ፊልሙ ነበር። በቀረጻው ወቅት ጆሮው ከሞላ ጎደል አይሰማም ነበር፤ ከፊልሙ ስታዩት ግን በሄስተን ንግግርና በእሱ መልስ መካከል ምንም ክፍተት አታገኙም። የትዕይንቱን ልክ በሰዓት ስሜት ይዞ ነው የተጫወተው። ጥር 26 ቀን 1973 እ.ኤ.አ. ፊልሙ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት በ79 ዓመቱ በካንሰር ዐረፈ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የተሰጠውን የክብር ኦስካር ባለቤቱ ተቀበለችለት። ለአገራችን ተመልካች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ሄስተንን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በ1956ቱ «አሥርቱ ትእዛዛት» ሙሴ ሆኖ ነው። በዚያ ፊልም ላይ ሕዝቡን በሙሴ ላይ የሚያሳምፀው ዳታን ይኸው ሮቢንሰን ነበር። ባላንጣ ሆነው የምናውቃቸው ሁለቱ እዚህ አባትና ልጅ ይሆናሉ፤ ሁለቱን ፊልሞች ያየ ሰው ልዩነቱን አጣጥሞ ያየዋል።

የሶል መሄጃ ትዕይንት የፊልሙ ጫፍ ነው። ሶል ቶርን ከሳይመንሰን ቤት ያመጣለትን ባለ ሁለት ቅጽ የሶይለንት የውቅያኖስ ጥናት ሪፖርት ይዞ እንደ እሱ ያሉ አዛውንት «መጻሕፍት» ወደሚሰበሰቡበት ቤት ይሄዳል። ሪፖርቱ ከ2015 እስከ 2019 ያለውን ይሸፍናል፤ ውቅያኖሱ እየሞተ ነው፣ ፕላንክተን የለም። እውነቱን ሲረዳ ወደ ከተማው የሞት ቤት ይሄዳል። እዚያ ለመሞት የሚፈልግ ሰው በመንግሥት ወጪ ይስተናገዳል። የሚወደው ቀለም ይጠየቃል፤ ሶል ብርቱካናማ ይላል። ሙዚቃ ይመርጣል፤ ቀለል ያለ ክላሲካል። 20 ደቂቃ ይሰጠዋል። የሚጠጣው ይሰጠውና አልጋ ላይ ይጋደማል፤ ዙሪያውን በከበበው ግዙፍ ስክሪን ላይ ምንጭ፣ አጋዘን፣ የአበባ መስክ፣ ባሕር ይፈስሳሉ። የቻይኮቭስኪ፣ የቤትሆቨንና የግሪግ ሙዚቃ ይሰማል። ቶርን ደርሶ በመስኮት ያያል፤ እንዲህ ያለ ምድር እንደነበረ የሚያውቀው ያኔ ነው። የትዕይንቱ አሠራር ሊጤን ይገባዋል። እስከዚያ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ያየነው በአብዛኛው ቡናማ፣ ግራጫና ቢጫ ነው። ንጹሕ አረንጓዴና ንጹሕ ሰማያዊ ስክሪኑን ሞልተው የሚመጡት እዚህ ነው፤ ዓይናችን እንደ ቶርን ዓይን ተርቦ ስለቆየ አንድ ተራ የአበባ ምስል ልብ ይሰብራል። ፍላይሸር ቀለሙን ቆጥቦ ቆጥቦ ያወጣው እዚህ ላይ ነው።

ማክሰኞ የሚፈጠረው ረብሻም በጥሩ እጅ የተሠራ ነው። አረንጓዴው ያልቃል፤ ሕዝቡ ይነሳል፤ ፖሊስ ሎደሮች እየመጡ ነው ብሎ በድምፅ ማጉያ ያስጠነቅቃል። ሎደሮቹ ከፊት ትልቅ አካፋ ያላቸው ከባድ መኪናዎች ናቸው፤ ሰልፈኛውን ከመንገድ አፍሰው ኋላቸው ይጥሉታል። ከቆሻሻ መኪና ጋር መመሳሰላቸው በአጋጣሚ አይደለም። ራሽን ለመቀበል ቀበሌ ደጃፍ ተሰልፎ ያውቅ የነበረ ትውልድ የዚህን ሰልፍ ፊት ያውቀዋል፤ ተራ ሳይደርስ ያልቃል የሚለው ሥጋት በየተዋናዩ ዓይን ላይ አለ።

ምስጢሩን ይዞ ደግሞ ለሚያይ ሰው ፍንጮቹ ከመጀመሪያው ተበትነዋል። ሳይመንሰን ሲገደል አይጮህም፤ ሞቱን እንደ ተገቢ ነገር ይቀበላል። የሟቾችን አስከሬን የሚወስዱት ሰዎች ከቆሻሻ ማስወገጃ የተላኩ ናቸው፤ ቀብር የሚባል ነገር ማንም አያነሳም። ከሁሉ የሚገርመው ቶርን ለሸርል ስለ ገጠር ሲነግራት የሚለው ነው፤ ሸርል ከሳይመንሰን አፓርታማ ጋር እንደ ዕቃ የምትከራይ ሴት ናት። እርሻዎች እንደ ምሽግ ይጠበቃሉ ይላታል፤ የቆሻሻ ማስወገጃዎች፣ የሶይለንት ፋብሪካዎችና የፕላንክተን መርከቦች እንደሚጠበቁት። የቆሻሻ ማስወገጃን በጠመንጃ የሚያስጠብቅ ምን አለ? ቶርን ራሱ የተናገረውን አይሰማም። መጀመሪያ ስናይ እኛም አንሰማውም።

አሁን ወደ ነገሩ ስሌት። ብዙ ሰው ፊልሙን እንደ ትንቢት ስለሚያየው ቁጥሩን መሥራት ይጠቅማል። ከተማው 40 ሚሊዮን ነው፤ ከ100 ሰው በዓመት 3 ይሞታል ብለን በጣም ከፍ አድርገን እንገምት። 1.2 ሚሊዮን ሟች ይሆናል፤ በቀን 3,300 ገደማ። ከአንድ አዋቂ ሰው አካል የሚገኘው ጉልበት 125,000 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ይገመታል። ቢባዛና ለ40 ሚሊዮን ቢካፈል ለአንድ ሰው በቀን 10 ኪሎ ካሎሪ ይደርሰዋል፤ ሰው በቀን ወደ 2,000 ያስፈልገዋል። ሳምንቱን ተጠራቅሞ ማክሰኞ ብቻ ቢታደል እንኳ 70 ነው፣ አንዲት ትንሽ ብስኩት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው አድጎ ለመሞት በሕይወቱ ሙሉ የሚበላው ከአካሉ ከሚገኘው በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ አረንጓዴው ብስኩት ከተማን ሊመግብ አይችልም፤ ቶሎ ቶሎ ማለቁ ግን በስሌትም ልክ ይወጣል። ሌላው ችግር በሽታ ነው። በፓፑዋ ኒው ጊኒ የፎሬ ሕዝብ በቀብር ሥርዓት የሟቾችን አካል ይበላ በነበረበት ዘመን ኩሩ የሚባል አንጎልን የሚያጠፋ በሽታ ተዛምቶበት ነበር። መንስኤው ፕሪዮን የሚባል የተበላሸ ፕሮቲን ነው፤ በመቀቀል አይጠፋም፣ ምልክቱ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል። የሶይለንት ፋብሪካ በእውነት ቢኖር ኖሮ ከተማውን ለእንዲህ ያለ አደጋ ያጋልጠው ነበር። በአንጻሩ ፊልሙ ስለ ፕላንክተን የሚፈራው ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ በምድር ላይ ከሚካሄደው ፎቶሲንተሲስ ግማሽ ያህሉ የሚከናወነው በባሕር ውስጥ ባሉ እጅግ ጥቃቅን ዕፅዋት መሰል ፍጥረታት ነው። እነሱ ከሞቱ የሚጎድለው ብስኩት ብቻ አይሆንም።

የሕዝብ ቁጥሩ ትንቢት ግን አልያዘም። ፊልሙ ሲሠራ ዓለም 3.9 ቢሊዮን ገደማ ሰው ነበረው፤ ኅዳር 2022 ላይ የተባበሩት መንግሥታት 8 ቢሊዮን መድረሱን አስታወቀ። እጥፍ ሆኗል ማለት ነው፤ ኒውዮርክ ግን በ1970 ከነበረው 7.9 ሚሊዮን በ2020 ወደ 8.8 ሚሊዮን ብቻ ነው ያደገው። የስንዴና የሩዝ ምርት በተሻሻለ ዘርና በማዳበሪያ አደገ፤ በዓለም ደረጃ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው ከ5 አካባቢ ወደ 2.3 ወረደ። የሚያሳዝነው የሃሪሰን ልቦለድ ይህንን መውጫ ማንሳቱ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ ጉዳይ ትልቁ ክርክር ነው፣ ሰው የመብላት ምስጢር ግን ጨርሶ የለም። ፊልሙ ክርክሩን ጥሎ ምስጢሩን ጨመረ። ለሲኒማ የተሻለ ማብቂያ አገኘ፤ ሰው እንዲያስብበት ከሚገባው ነገር ግን አንድ ትልቅ ክፍል ጎደለ።

ፊልሙ በወጣበት በዚያው በ1973 ወሎ ውስጥ እውነተኛ ረሃብ ነበር። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሰን በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው የዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት እጅግ አልወረደም ነበር፤ ከወሎም እህል ወደ አዲስ አበባና አስመራ ይወጣ ነበር። ያለቀው እህሉ ሳይሆን የገበሬው የመግዛት አቅም ነው። በዚያ ላይ ነገሩ ተሸፈነ፤ ዓለም በስፋት ያወቀው የጆናታን ዲምብልቢ ዘገባ በጥቅምት ወር በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው «ሶይለንት ግሪን»ን ሲያይ የመክፈቻው «40 ሚሊዮን» ብዙም አይይዘውም። የሚይዘው የ150 ዶላሩ እንጆሪ ነው፤ ምግቡ አለ፣ ግን በር አለው። የሚይዘው እውነቱን እያወቀ ፋይሉ ይዘጋ የሚለው ገዥ ነው። ፊልሙ ስለ ሰው ብዛት የሚናገረው በአብዛኛው ስሕተት ሆኖ ስለ ረሃብ አሠራር የሚያሳየው ልክ የሆነው በዚህ ነው።

ጉድለቶቹ ቀላል አይደሉም። የአዛውንቶቹ ቤት ትዕይንት ተጣድፏል፤ ውቅያኖሱ ሞቷል ከሚለው ሪፖርት ተነስቶ ብስኩቱ ከሰው ነው ወደሚል ድምዳሜ እንዴት እንደተደረሰ አናይም፣ ተመልካቹ ክፍተቱን በራሱ ዘልሎ መሻገር አለበት። ሴቶቹን የያዘበት መንገድ ያሳፍራል። በዚያ ዓለም የባለጸጎች ሴቶች «የቤት ዕቃ» ይባላሉ፣ ከአፓርታማው ጋር ይተላለፋሉ፤ ሐሳቡ ጨካኝነቱን ሊያሳይ የታሰበ ነው፣ ግን ፊልሙ ራሱ ለሸርል ከዚያ የዘለለ ሥራ አልሰጣትም። ሌይ ቴይለር-ያንግ የተሰጣትን በክብር ትጫወታለች፤ ማቀዝቀዣውን እስከ መጨረሻው ከፍታ የድሮ ክረምት እንዲመስል የምትልበት ጊዜ ከጥሩዎቹ አንዱ ነው። ጠባቂውን ከሚጫወተው ቸክ ኮነርስ ጋር ያሉት የድብድብ ትዕይንቶች ረዝመዋል። ተራቡ የተባሉት ሰዎች ብዙዎቹ የጠገቡ ይመስላሉ። የ2022 ልብስ፣ ፀጉርና ወንበር ሁሉ የ1970ዎቹ ናቸው፤ የዘመን ምልክት ሆኖ የቀረበው የቪዲዮ ጌም ማሽን እንኳ በ1971 ለገበያ የወጣው «ኮምፒውተር ስፔስ» ነው። ፋብሪካው ውስጥ አስከሬን ከአንድ ወገን ገብቶ ብስኩት ከሌላው ወገን የሚወጣበት የማጓጓዣ ቀበቶም ዛሬ ሲታይ ደካማ ነው፤ እዚያ ላይ የሚያስፈራው ድምፅ የለሽነቱ ብቻ ነው።

ብሮክ ፒተርስ አለቃውን፣ ሊንከን ኪልፓትሪክ ቄሱን ሆነው በጥቂት ደቂቃ ብዙ ይሠራሉ። ቄሱን በተለይ ተመልከቱት። የሳይመንሰንን ኑዛዜ ሰምቷል፤ ቤተ ክርስቲያኑ በስደተኛ ተጨናንቋል፤ ያወቀው ነገር አእምሮውን ሰብሮታል። ቶርን ሲጠይቀው ቃላት ይፈልጋል፣ ያጣል። የሰማውን መናገርም መሸከምም ያቃተው ሰው በሲኒማ እንዲህ በእርጋታ ሲጫወት ማየት ይከብዳል።

ለማየት ለሚፈልግ ጥቂት ተግባራዊ ነገር። ፊልሙ የተቀረጸው በሰፊው 2.35 ለ1 መጠን ነው። ቴሌቪዥናችሁ ላይ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር መኖር አለበት፤ ስክሪኑ ሞልቶ ከታየ «ዙም» ተከፍቷል ወይም ቅጂው ተቆርጧል፣ ደረጃው ላይ የተኙት ሰዎች ግማሻቸው ይጠፋሉ። የምስል ምርጫውን «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» ላይ አድርጉ፤ «ቪቪድ» ላይ ከተተወ ጭጋጉ ደማቅ ሆኖ የሶል መሄጃ ትዕይንት ላይ የሚመጣው የቀለም ለውጥ ይበላሻል። እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን ማስተካከያ አጥፉ፤ የ1973ን ፊልም የቴሌቪዥን ድራማ ያስመስለዋል። አረንጓዴውን ጭጋግ የቅጂ ብልሽት መስሏችሁ አታርሙት፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ድምፁ ሞኖ ስለሆነ ሰው ሠራሽ «ሰራውንድ» ንግግሩን ከማራቅ ሌላ ጥቅም የለውም። ሮቢንሰን አንዳንዴ ዝቅ ብሎ ስለሚናገር የእንግሊዝኛ ጽሑፉን ክፍት አድርጎ ማየት ይረዳል።

አሜሪካ ውስጥ የተሰጠው ደረጃ ወላጅ እያማከረ ልጆች ሊያዩት ይችላሉ የሚል ነው፤ በዛሬ ሚዛን ግን ለልጆች አይሆንም። በብረት የሚፈጸም ግድያ አለ፣ እርቃን አለ፣ በፈቃድ የመሞት ትዕይንትም በዝርዝር ይታያል። ሐዘን ላይ ያለ፣ ወይም ራሱን ስለ ማጥፋት የሚያስብ ሰው አጠገባችሁ ካለ ይህን ፊልም ለሌላ ጊዜ ማቆየት ይሻላል። የሶል መሄድ በውበት የተሠራ ስለሆነ አደገኛነቱም እዚያው ላይ ነው።

ዋርነር በ2011 ያወጣው ብሉሬይ ከቀድሞው ዲቪዲ በግልጽ ይሻላል፤ በተለይ በጨለማ ደረጃዎቹና በሕዝቡ መካከል ያለው ዝርዝር ተለይቶ ይታያል። በፊልሙ ዘመን የተሠሩ ሁለት አጫጭር ፊልሞችም ተካተውበታል፤ አንዱ የፊልሙን ዓለም አሠራር የሚያሳይ፣ ሌላው ለሮቢንሰን የተደረገ የክብር ዝግጅት። ማስታወቂያውን ከፊልሙ በፊት አትክፈቱ፤ ፊልሙ ቀስ ብሎ የሚያወጣውን አስቀድሞ ይጠቁማል። የፍላይሸርና የቴይለር-ያንግ የድምፅ ትረካም አለ፤ ፍላይሸር በ2006 ስላረፈ ስለዚህ ሥራው በዝርዝር ሲናገር ከሚገኝባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ጊዜ የሌለው ሰው ትረካውን በምሳው ትዕይንትና በሶል መሄጃ ላይ ብቻ ከፍቶ ቢያዳምጥ ይበቃዋል።